ርካሽ ሲጋር ጣዕሙ ሙሉ ሊሆን ይችላል? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ቀመስነው

የሰርግ ፎቶ ላይ ሚዜዎች ሲጋር ይዘው ሲነሱ አይታችኋል አይደል? አብዛኛው ሰው ያንን ሲጋር ሲገዛ የሚያየው ቀለበቱ ላይ ያለውን ስምና ዋጋውን ነው። ስለ ጣዕሙ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። በዚህ መሃል «ኦሪጅናል ኩባ» እየተባለ የማይረባ ነገር በውድ ይሸጣል።

ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን ከአሜሪካ ሲመጣ አንዷ 4 ዶላር ገደማ የምትሸጥ፣ ኒካራጓ የተሠራች ሲጋር ይዞልን መጣ። ሳጥን የላትም፤ ሃያ ሆነው በላስቲክ ታስረው ከሚሸጡት ናት። እሽጉ ላይ «ፉል ፍሌቨር» ይላል። ጣዕሟ ሙሉ ነው ለማለት ነው። እውነት ነው ወይ ብለን ሁለት ሆነን ቀመስናት። (ግዙ እያልን አይደለም። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 የተከለከለ ነው።)

መጀመሪያ ግን ሲጋርና ሲጋራ አይምታቱባችሁ። ሲጋራ የተከተፈ ትምባሆ በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ሲጋር ከውስጥ እስከ ውጭ ቅጠል ነው። መሃሉ ላይ ሙሌት አለ፣ እሱን የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል አለ፣ ከላይ ደግሞ የምናየው ሽፋን አለ። ጭሱ ወደ ሳንባ አይሳብም፤ አፍ ውስጥ ተይዞ ተቀምሶ ይለቀቃል።

ታዲያ ለምን ረከሰች? ምስጢሩ ያለው ሙሌቱ ላይ ነው። ውድ ሲጋር ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሙሉ ቅጠል ነው። ርካሹ ደግሞ ከሌላ ሲጋር የተረፈ ቁርጥራጭ ይሞላበታል፤ ቶሎ ይነዳል፣ ይግላል፣ ፍርፋሪውም ምላስ ላይ ይቀራል። በመካከል ሁለቱን የሚቀላቅል አሠራር አለ፤ «የኩባ ሳንድዊች» ይሉታል። የእኛዋ ከዚህ ወገን ናት። ሽፋኗም ነጠብጣብ አለበት። እንከን የሌለው ሽፋን ቅጠል ውድ ስለሆነ እንዲህ ያለችው በርካሽ ትሄዳለች። ነጠብጣቡ ግን መልኳን እንጂ ጣዕሟን አይነካም።

«ኒካራጓ ነው እንጂ ኩባ አይደለም» ብላችሁ አትናቁ። እ.ኤ.አ. ከ1959ኙ አብዮት በኋላ አገራቸውን ለቀው የወጡ የኩባ ትምባሆ ሰዎች ዘራቸውንና ሙያቸውን ይዘው ከሄዱባቸው አገሮች አንዷ ኒካራጓ ናት። በ1962 አሜሪካ በኩባ ላይ ማዕቀብ ስትጥል ደግሞ ገበያው ለእነሱ ተከፈተ። ዛሬ ኤስቴሊ የምትባለው ከተማ በሲጋር ፋብሪካ የተሞላች ናት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ኃይለኛ ማለት ጣዕመ ሙሉ ማለት አይደለም። በቡና አስቡት። ጀበናው ውስጥ ቡና ስታበዙ ወፍራምና መራራ ይሆናል፤ ያ ኃይል ነው። ይርጋጨፌ ግን ቀጥኖ ተፈልቶም የአበባ ሽታው አይጠፋም፤ ያ ጣዕም ነው። የሲጋር ኃይል የሚመጣው በተለይ ሊጌሮ ከሚባለው ቅጠል ነው። ከተክሉ አናት ላይ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ማለት ነው። ርካሽ አምራች ሊጌሮ አብዝቶ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ጣዕም ግን በደንብ ሳይፈላና ሳይቆይ አይመጣም። ያልበሰለ ትምባሆ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል።

ሳንለኩሳት በጣት ጫን ጫን አደረግናት፤ ጉድጓድ የለባትም። ጫፏን ቆርጠን ያለ እሳት ሳብናት። አየሩ ሳይታነቅ መጣ፣ ደረቅ ሣርና ዘቢብ የሚመስል ሽታ ነበረው። በክብሪት ለኮስናት፤ የቤንዚን ላይተር ሽታው አብሮ ይገባል። ከዚያ በደቂቃ አንዴ ብቻ መሳብ ነው። ከፈጠናችሁ ትግላለች፣ ትመራለች፣ ከዚያ «ርካሽ ስለሆነች ነው» ትላላችሁ።

ቀማሾች ሲጋርን ሦስት ቦታ ከፍለው ነው የሚገመግሙት። ለእኛ ይሄ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ልዩነቱ ቡናችን እየቀጠነ ሲሄድ ሲጋር እየበረታ መሄዱ ነው። አቦሏ ቁንዶ በርበሬ ነበር፣ አፍንጫ ድረስ። ቶናዋ ላይ ነው የተገረምነው፦ የተቆላ ቡና፣ ስኳር የሌለው ካካዎ፣ ትንሽ የእንጨት ሽታ። 4 ዶላር አትመስልም ነበር። በረካ ላይ ቁርጥራጩ ራሱን አጋለጠ፤ መረረች፣ ጋለች፣ አመዷም በአንድ ወገን ብቻ መንደድ ጀመረች። ፍርዳችን፦ ሁለት ሦስተኛዋ እውነት ነው፣ የቀረው ማስታወቂያ ነው።

አንዳችን ጠዋት ከጠጣው ማኪያቶ በቀር ምንም አልቀመሰም ነበር። በረካው ላይ ላብ አጠመቀው፣ ዞረበት። «ሳንባዬ አልገባም እኮ!» ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ የሲጋር ጭስ አልካላይን ስለሆነ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ በኩል ቀጥታ ወደ ደም ይገባል። አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። አለመሳብ ከአፍ፣ ከጉሮሮና ከማንቁርት ካንሰር አያድንም። ልጁን ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጥተን ጥላ ሥር አስተኛነው።

ስለ ሐሰተኛው ኩባም ቃል ገብተን እንዳንረሳ፦ የኮሂባ ሳጥን አሳይተዋችሁ ክዳኑ መስታወት ከሆነ ሂሳብ አትክፈሉ። ኩባ መስታወት ክዳን ያለው የኮሂባ ሳጥን አትሠራም። ከዚያ «ኮሂባ» ይልቅ የእኛዋ ነጠብጣባም ትሻላለች፤ ቢያንስ ማን እንደሆነች አልዋሸችም።

ሌላኛችንም በረካውን አልጨረሰም። መተርኮሻው ላይ ተዋት። ሲጋር ተጨፍልቆ አይጠፋም፣ ክፉኛ ይሸታል፤ ሲተውት ራሱ ይጠፋል።