መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፦ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው በቤት ውስጥ ማስታመም

ይህ ወረቀት በሬዲዮ ያሰማናችሁን የጤና ትምህርት የያዘ ነው። ስርጭቱ ያመለጣችሁ እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እንድታነቡላቸው ታትሟል። የዛሬው ርዕሳችን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድን ሰው እንዴት ማስታመም እንደሚገባ ነው። በክሊኒክ ያለችው ነርስ ሕመምተኛውን የምታየው በቀጠሮው ቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ ነርሶቹ እናንተ ናችሁ፤ እናት፣ ባል፣ እህት፣ ጎረቤት።

በሽታው ምንድን ነው?

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። አንጎላችን ሥራውን የሚሠራው በጣም አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ኤሌክትሪክ በድንገት ከመጠን በላይ ሲሆን ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ አንዳንዴም ሽንት ያመልጠዋል። የማይወድቁም አሉ፤ ለጥቂት ሰከንድ ዓይናቸው ፈጦ ይቀራል፣ ሲጠሩ አይሰሙም። መነሻው በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የጭንቅላት ምት፣ ማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። በብዙዎች ዘንድ ግን መነሻው አይታወቅም።

በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ከነዚህም 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ምርመራና ሕክምና ቢያገኙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ስለዚህ ተስፋ የሚቆረጥበት በሽታ አይደለም።

በሽታው በምራቅ፣ በአረፋ፣ በትንፋሽ ወይም በመንካት አይተላለፍም። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰዎች 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚያው አካባቢ የሕዝቡ አመለካከት ሲጠና ብዙ ሰው በሽታው በመነካካት ይተላለፋል ብሎ እንደሚያምን ታውቋል። የዚህ እምነት ዋጋ ከባድ ነው። እሳት ላይ የወደቀን ሰው ጎትቶ የሚያወጣ ሊጠፋ ይችላል። እባካችሁ፣ የወደቀን ሰው ለመንካት አትፍሩ።

መድኃኒቱ ምን ይሠራል?

መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ አያወጣም፤ የአንጎሉን ኤሌክትሪክ ያረጋጋል። ይህን የሚያደርገው በደም ውስጥ በበቂ መጠን እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መወሰድ ያለበት። በብዛት የሚታዘዙት አራት ናቸው፦ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን እና ሶዲየም ቫልፕሮኤት። ፌኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን ዛሬም ድረስ በዋጋው ርካሽነት በብዙ ቦታ ይሰጣል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ክኒኑ በድንገት ሲቆም አንጎሉ መጠበቂያውን ያጣል። ከዚያም አንዱ መንቀጥቀጥ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል፤ ይህም ሊገድል ይችላል። «ስድስት ወር አልጣለኝም፣ ድኛለሁ» ብሎ ማቆምም ያው ነው። ያልጣለው መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። መድኃኒት ስለማቆም የሚታሰበው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥል ሲቀር ነው፤ ያኔም የሚወስነው ሐኪም ነው፣ የሚቀነሰውም ቀስ በቀስ ነው።

አስታማሚው በየቀኑ ምን ያድርግ?

1. ክኒኑን ከማይረሳ ነገር ጋር አያይዙት፤ ለምሳሌ ከእራት ወይም ከማታ ጸሎት ጋር። በወረቀት ላይ የቀኖቹን ቁጥር ጽፋችሁ በተወሰደ ቁጥር ምልክት አድርጉ።

2. አንድ ጊዜ ከተረሳ ባስታወሳችሁ ሰዓት ስጡት። የሚቀጥለው መውሰጃ ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳውን ተዉት። ሁለቱን በአንድ ላይ አትስጡ።

3. ክኒን በተቀበላችሁ ቁጥር በማሸጊያው ላይ ያለውን የሚሊግራም ቁጥር አንብቡ። ፌኖባርቢታል በ30፣ በ60 እና በ100 ሚሊግራም ይመጣል። ባለፈው ወር ባለ 30 ሁለት ክኒን ይወስድ የነበረ ሰው በዚህ ወር ባለ 60 ከተሰጠው የሚበቃው አንድ ነው። ካልገባችሁ ከመስኮቱ ሳትለቁ ጠይቁ።

4. የጣለውን ቀንና ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየም በደብተር ጻፉ። ሐኪሙ መጠኑን የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ይህን አይቶ ነው።

5. ክኒኑን ሕጻናት በማይደርሱበት፣ ሙቀትና እርጥበት በሌለበት ቦታ አስቀምጡ። ለሌላ ሰው አታካፍሉ።

6. አንድ ሳምንት የሚበቃ ሲቀር ወደ ክሊኒክ ሂዱ። የመጨረሻውን ክኒን አትጠብቁ።

ወደ ናይሮቢ ስትላኩ

ከእናንተ መካከል ለከፍተኛ ምርመራ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል በሪፈር የሚላኩ አሉ። ይህ ጉዞ ለሚጥል በሽታ ሕመምተኛ አደጋ አለው። ከካኩማ በሎድዋርና በኪታሌ፣ ከዳዳብ ደግሞ በጋሪሳ በኩል ያለው መንገድ ረጅም ነው። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ይዘለላል፣ ቀጠሮም ሊራዘም ይችላል። በመጠለያው ክሊኒክ ይሰጥ የነበረው ክኒን ከተማ ውስጥ ሲያልቅ ሕመምተኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ የሚከተሉትን አድርጉ።

ሙቭመንት ፓስ የምትሉትን የጉዞ ፈቃድ ስትጠይቁ በዚያው ጊዜ ክሊኒክ ሄዳችሁ ለጉዞው ቀናትና ከዚያ በላይ ሁለት ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት ጠይቁ። መድኃኒቱን አውቶቡሱ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ በምትይዙት ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የሚገልጽ ወረቀት ከክሊኒኩ አጽፉ፤ ባዶውንም ማሸጊያ አትጣሉ።

ቋንቋ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ እነዚህን ሁለት የስዋሂሊ ቃላት ያዙ። የሚጥል በሽታ «ኪፋፋ» ይባላል። በሕጻናት ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ «ዴጌዴጌ» ይባላል። «ኪፋፋ» ስትሉ ነርሷ ወዲያው ትረዳችኋለች። በናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው፣ በአጭሩ «ካዌ» የሚባለው የኬንያ ማኅበርም ለዓመታት የዚህን በሽታ ሕመምተኞች በማስተማርና በመርዳት ሠርቷል። በሽታው በኬንያውያን ወንድሞቻችንም ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ በባሕር ዳርቻው በኪሊፊ በተደረገ ጥናት ከሕመምተኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተገቢውን ሕክምና እንዳላገኙ ታይቷል። የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም።

በኢስሊ መንገድ ላይ ማሸጊያ የሌለው ክኒን አትግዙ። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ፌኖባርቢታል ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ የሚገኘው በሐኪም ማዘዣ ነው። ክኒኑ ካለቀባችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወረቀታችሁን ይዛችሁ በዚያኑ ቀን ሂዱ።

መድኃኒቱ የሚያስከትላቸው ችግሮች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና ማዞር የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሕጻን ከመተኛት ይልቅ ሊቅበዘበዝና ነጭናጫ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብልግና አይደለም፣ አትምቱት፤ ለነርስ ንገሩ። ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል፤ በየቀኑ ጥርስ መፋቅ ይረዳል። ቫልፕሮኤት እጅ ሊያንቀጠቅጥ፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል።

የሚከተሉት ሲታዩ ግን ሳትዘገዩ ክሊኒክ ሂዱ፦ በቆዳ ላይ ሽፍታ ሲወጣ፣ አፍ ወይም ዓይን ሲቆስል፣ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሰውየው እንደ ሰከረ ሲንገዳገድ ወይም አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታየው፣ ለመቀስቀስ ሲያስቸግር። በተለይ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል በጀመረ ሰው ላይ የሚወጣ ሽፍታ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ለሌላ ሕመም ክሊኒክ በሄዳችሁ ጊዜም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እንደምትወስዱ ተናገሩ። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ከነዚህ ጋር ይጋጫሉ፤ መጠን መስተካከል ይኖርበታል።

ለእናቶችና ለወጣት ሴቶች

ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ያደክማሉ። ስለዚህ የሚስማማችሁን ዘዴ ነርሷን ጠይቁ። ቫልፕሮኤት በማኅፀን ያለ ልጅን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት በተቻለ መጠን አይሰጥም። ነገር ግን አርግዛችሁ ከተገኛችሁ ማንኛውንም መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፤ የእናት መንቀጥቀጥም ልጁን ይጎዳል። በዚያው ሳምንት ክሊኒክ ቅረቡ። ጡት ማጥባትም አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ሕጻኑ ከመጠን በላይ ከተኛ ወይም መጥባት ከደከመ ተናገሩ።

ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ነገሮች

እንቅልፍ ማጣት ዋነኛው ነው። ጫት፣ ኬንያውያን ሚራ የሚሉት፣ እንቅልፍ ስለሚያሳጣ ለዚህ ሕመምተኛ አይሆንም። አልኮልም እንዲሁ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ደግሞ ያደነዝዛል። ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራ ቶሎ ይደረግ። ጾምን በተመለከተ፣ የሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች ከጾሙ በፊት ነርሷን አማክሩ፤ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ላለው ሰው ነገሩ ይቀላል።

ጸበልንም እናንሳ። ጸበል መሄድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ክኒኑን ጥሎ መሄድ ግን አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጸበልን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን መናገራቸው ይታወሳል። ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም ሐሳቡ ያው ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስተውም።

ሲጥለው ምን እናድርግ?

ሰዓት ተመልከቱ። እሳት፣ ድንጋይና ስለት ከአጠገቡ አርቁ። ከጭንቅላቱ ሥር የተጣጠፈ ነጠላ ወይም ልብስ አድርጉ፤ የአንገቱን ልብስ አላሉ። መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ አያንቀውም። እስኪነቃ ድረስ አጠገቡ ቆዩ።

በአፉ ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት አትክተቱ፤ ጥርስ ይሰበራል፣ ጣትም ይነከሳል። እጅና እግሩን ጨፍልቃችሁ አትያዙ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ አይጠቅምም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። በደንብ ሳይነቃ ውኃም ሆነ ክኒን አትስጡት።

ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ከተጎዳ፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ወይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በዚያ መንቀጥቀጡን የሚያስቆም መድኃኒት አለ።

በቤትና በመንደር

ሕመምተኛው ብቻውን በሦስት ጉልቻ ወይም በከሰል ምድጃ ላይ አያብስል። አብሮት የሚሆን ሰው ከሌለ ጀባናውን ጎረቤት ያፍላለት። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ላይ አይተኛ። ጎርፍ ወደሚወርድበት ወንዝ ብቻውን አይሂድ። ይህን ሁሉ ስትጠነቀቁ ግን ቤት ውስጥ አትዝጉበት። ልጅ ከሆነ ትምህርት ቤት ይሂድ፤ ለመምህሩም ንገሩ። መምህሩ ካወቀ፣ ሲጥለው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። በቤታችሁ የሚጥለው ሰው ካለና እስካሁን ሕክምና ካልጀመረ በዚህ ሳምንት ወደ ክሊኒክ አምጡት። ጀምሮ ከሆነም ዛሬ ማታ ክኒኖቹን ቁጠሩ፤ እስከ ቀጠሮው ቀን መድረሳቸውን እዩ። የማይበቁ ከሆነ ነገ ጠዋት ኑ።