ያውቁ ኖሯል? የበር መስታወት አይጠገንም

የመኪናዎን የፊት መስታወት ጠጠር ቢነቁረው ቀዳዳው በሙጫ ተሞልቶ ሊድን ይችላል። አብዛኛው የበር መስታወት ግን መቀየር እንጂ መጠገን አያውቅም። ሲመረት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ በነፋስ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ገጹ ተጨምቆ፣ ውስጡ ተወጥሮ ይኖራል፤ አንድ ቦታ ጠልቆ ከተጎዳ ሁሉም በአንዴ እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል። ስብርባሪው ስለቱ ደብዛዛ መሆኑ ተሳፋሪን ከከባድ መቆረጥ ያተርፋል።

እንደ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ባሉ የቅንጦት መኪኖች በር ላይ ግን በመሃሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ መስታወት ሊኖር ይችላል። የመንገድ ጫጫታን ይቀንሳል፤ ቢሰበርም አይረግፍም። ስለዚህ ለምትክ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላሉ የመለዋወጫ ሻጮች ከመደወልዎ በፊት፣ ከተሰበረው ትይዩ ባለው በር መስታወት ጥግ የታተመውን የመስታወቱን ዓይነት የሚናገር ምልክት ፎቶ ያንሱ።

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ በክረምት ከተሰበረብዎ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ወፍራም ፕላስቲክ ከውጭ በኩል አጥብቀው ይለጥፉ፤ የአገው ምድር ዝናብ ፋታ አይሰጥም። መካኒኩ የበሩን የውስጥ ልባስ ፈትቶ ታች የወደቀውን ስብርባሪ ጠርጎ ማውጣቱን ቆመው ይዩ። ከበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ውሃው እዚያው ተኝቶ በሩን ከውስጥ ያዝገዋል።