ነጻው ኮርስ ቡራዩ ሲደርስ ስንት ያወጣል?

ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና ይፋ ሲሆን ለወጣቱ የቀረበለት ዕድል ትንሽ አልነበረም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አጋርነት የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መሠረታዊ ትምህርት ያለ ክፍያ፣ ከነሰርተፍኬቱ ተከፈተ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆችም ቤታቸው ሆነው መመዝገብ ይችላሉ። ጅምሩን ከልቤ እደግፈዋለሁ፤ የሚያሳስበኝ የተማሪው ወጪ ነው።

የቪዲዮ ኮርስ ማዘጋጀት ውድ ነው። ካለቀ በኋላ ግን አንድ ተማሪ ቢጨመር የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የስታንፎርድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ 160 ሺህ ያህል ተመዝጋቢ ያገኘው በዚህ ስሌት ነው፤ በዓመቱ ዩዳሲቲ፣ ኮርሴራና ኤዴክስ የተባሉት የኢንተርኔት ትምህርት መድረኮች ተከተሉ። ብዙዎች ድሃውና ሀብታሙ እኩል የሚማርበት ዘመን መጣ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፦ በሃርቫርድና በኤምአይቲ ኮርሶች ከተመዘገቡት የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ተማሪዎቹም በአብዛኛው ከበለጸጉ አገሮች ነበሩ።

ወጪው የቀነሰው ለአስተማሪው ነው። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽቶ ቡራዩ የገባ ሠራተኛ ማለዳ ወደ አስኮ ይወርዳል፤ የሱሉልታው ወደ አዲሱ ገበያ፣ የሰበታው ወደ አየር ጤና። ማታ ከታክሲ ሰልፍ ሲመለስ የቀረችው ሰዓት የእንቅልፉ ናት፤ ዳታውንም ከኪሱ ይገዛል። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ከመረዳቱ በፊት ከእንግሊዝኛው ጋር ይታገላል። እንደ ኤዴክስ ባሉት መድረኮች ቪዲዮው በነጻ ቢታይም ሰርተፍኬቱ ብዙ ጊዜ በዶላር ነው። ሥልጠናው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ይህን ሁሉ ከፍሎ የሚያገኘው ምንድን ነው? ቀጣሪው ሰርተፍኬቱ ምን ችሎታ እንደሚመሰክር ካላወቀ ለያዘው ሰው የተሻለ ደመወዝ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ኮርሱን መሃል ላይ የሚተውን ወጣት ሰነፍ ለማለት አልደፍርም። ሰዓቱን መልሶ ለማይከፍለው ነገር አላወጣም፤ እንደ ማንኛውም ባለሀብት አስልቷል።

ታዲያ የመንግሥት ገንዘብ ተጨማሪ ቪዲዮ ላይ ባይውል እመርጣለሁ። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ አንድ አስተዳደር ሊወስነው የሚችል ጉዳይ ነው። በየክፍለ ከተማው አንድ ትምህርት ቤት ማታ ይከፈት፤ መጠባበቂያ መብራትና ኢንተርኔት ይኑረው፤ የተቸገረውን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚያግዝ ሰው ይመደብ። ከሁሉ በላይ አስተዳደሩ ራሱ የመጀመሪያው ቀጣሪ ይሁን። የመሬትና የገቢ መዛግብቱን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሰው ሲፈልግ፣ ኮርሱን የጨረሱትን በተግባር ፈትኖ በደመወዝ ይቅጠር። የሰበታና የሱሉልታ ፋብሪካዎችም ሰርተፍኬቱን የሚያምኑት ይዘውት የመጡት ሲሠሩ ሲያዩ ነው።