ዓላማ፣ ግብ፣ ዒላማ፦ የፋብሪካ ሥራ ስያሜዎች ከሐዋሳ አንጻር ሲታዩ

«ምርት» የሚለው ቃል ወደ ፋብሪካ የገባው ከዐውድማ ነው። እህሉ ከተበራየና ነፋስ ከለየው በኋላ ገለባው በአንድ ወገን ሲወድቅ፣ በሌላው ወገን የሚቀረው ፍሬ ምርት ይባላል። ቃሉ በጊዜ ብዛት ሰፍቶ ሸሚዙንም፣ ቢራውንም፣ የሸክላ ሳሕኑንም ለመጠቅለል በቅቷል። እንዲህ ያለው የትርጉም መስፋት ለቋንቋ ጸጋው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው አንድ ቃል በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን እንዲሸከም፣ ወይም አንድ ጽንሰ ሐሳብ በየገጹ በተለያየ ቃል እንዲጠራ ሲደረግ ነው። አንድ ድርጅት ሥራውን ሲተልምና የአመራረት ስልቱን ሲመርጥ የሚገለገልባቸው ስያሜዎች ከዚህ ችግር የጸዱ አይደሉም።

ለምሳሌ ሐዋሳን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በ52 ሼዶቹ በአብዛኛው ልብስና ጨርቅ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን ለመቀበል የተሠራ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ዕቅዱና ውሉ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሥልጠናው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይሰጣል፤ ከሠራተኞቹም መካከል ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነው። ከተማዋ በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ በመሆኗም፣ የአማርኛው ጽሑፍ ወደ ሲዳምኛ መመለሱ የሚጠበቅ ነው። እንግዲህ የአማርኛው ስያሜ የመጨረሻ ማረፊያ ሳይሆን መሸጋገሪያ ነው ማለት ነው። በአማርኛ የተደበላለቀውም በተከታዩ ቋንቋ አይጠራም።

1. ዓላማ፣ ግብና ዒላማ

እነዚህ ሦስቱ በዕቅድ ሰነዶች ውስጥ እየተለዋወጡ ሲገቡ ይታያል። አንዱ ተርጓሚ «ዓላማ» ያለውን ሌላው «ግብ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሮ «ዓላማና ግብ» ብሎ ያልፋል። ይሁን እንጂ ቃላቱ በነባር ትርጉማቸው የተለያዩ ናቸው። «ሰንደቅ ዓላማ» በሚለው ሐረግ ሰንደቁ እንጨቱ፣ ዓላማው ምልክቱ ነው፤ ስለዚህ ዓላማ ከሩቅ እየታየ የሚከተሉት ነው። ግብ የሚደርሱበት ፍጻሜ ነው። ዒላማ ግን ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ነጥብ በመሆኑ፣ መመታቱና መሳቱ ወዲያው ይታወቃል።

ልዩነቱን በሸሚዝ ፋብሪካ ምሳሌ እንመልከት። «በጥራቱ የታመነ ሸሚዝ ለውጭ ገበያ ማቅረብ» ዓላማ ነው። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ የብልሽትን መጠን መቀነስ» ግብ ነው። «ከ100 ሸሚዝ የተበላሸው ከ2 እንዳይበልጥ ማድረግ» ዒላማ ነው። «የፋብሪካው ዓላማ በሰዓት 60 ሸሚዝ መስፋት ነው» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ የቀኑን ቁጥር የድርጅቱ የመኖር ምክንያት አድርጎታል። በአንጻሩ «ዒላማችን የደንበኛን እምነት ማትረፍ ነው» ቢል፣ ሠራተኛዋ በምን እንደምትመዘን ሳታውቅ ትቀራለች። የቀን ሥራዋ የሚለካው በዒላማው እንደ መሆኑ መጠን፣ ይህ ለእርስዋ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ለመደበላለቁ አንዱ ምክንያት «ግቡን መታ» የሚለው አነጋገር ሳይሆን አይቀርም፤ መምታት የዒላማ ግሥ ሆኖ ሳለ ለግብም ተውሷልና።

2. የክንዋኔ ግቦች

«ኦፕሬሽን» የሚለው የውጭ ቃል በሐኪም ቤት ቀዶ ሕክምና፣ በጦር ሜዳ ዘመቻ ይሆናል። በፋብሪካ ግን ጥሬ ዕቃን፣ ጉልበትንና መሣሪያን አቀናጅቶ ወደ ምርት የመለወጥ ሥራ ነው። ለዚህ «ክንዋኔ» የተሻለ ነው እንላለን። አንዳንዶች ይህንኑ ቃል ሥራው ምን ያህል እንደ ተሳካ ለመግለጽም ይጠቀሙበታል፤ ለዚያ «አፈጻጸም» የሚል የታወቀ ቃል ስላለ ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይበጃል።

የክንዋኔ ግቦች በተለምዶ ወጪን፣ ጥራትን፣ ፍጥነትን፣ ቀጠሮ አክባሪነትንና ከገበያው ጋር እየተለዋወጡ የመሥራት ችሎታን ይመለከታሉ። የመጨረሻውን «ተለዋዋጭነት» ብሎ መተርጎም ተለምዷል። ነገር ግን ተለዋዋጭ ሰው በአማርኛ የማይታመን፣ ተለዋዋጭ ዋጋም የማይጨበጥ ነው። ስለዚህ «ፋብሪካው ተለዋዋጭ ነው» የሚለው ምስጋና እንደ ነቀፌታ ሊነበብ ይችላል። «ተጣጣሚነት» ከዚህ አደጋ የራቀ ነው።

በዚህ ክፍል ሌላ መነሣት ያለበት አካባቢን የሚመለከተው ግብ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ የሚገባበት እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ወደ እርሱ የገባ ብክለት እዚያው ይከማቻል። ፓርኩ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት የተደረገበት ምክንያት ከዚህ አንጻር ግልጽ ነው። ይህንን አሠራር «ፍሳሽ አልባ» ማለት ግን ያሳስታል። ፋብሪካው ፍሳሽ አለው፤ ወደ ውጭ አይለቀውም እንጂ። «ፍሳሽ የማይለቅ» ቢባል ሐሳቡ ሳይዛባ ይደርሳል፤ ተቆጣጣሪውም የሚመረምረው የፍሳሹን መኖር ሳይሆን መለቀቁን መሆኑን ይረዳል።

3. የአመራረት ስልቶች

የሥራ አመራር መጻሕፍት የአመራረት ስልትን በሦስት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው አንድ ዕቃ ለአንድ ደንበኛ እንደ ፍላጎቱ የሚሠራበት ነው፤ ለምሳሌ የሙሽራን ልብስ በልኳ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ። ይህንን «በትእዛዝ ማምረት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይህ ትርጉም በሐዋሳ አያስኬድም፤ ለውጭ ገዢ በብዙ ሺሕ የሚቈጠር አንድ ዓይነት ሸሚዝ የሚያመርተውም ፋብሪካ የሚሠራው በትእዛዝ ነውና። ስልቱን የሚለየው የትእዛዝ መኖር ሳይሆን የሥራው ነጠላነት ስለሆነ «በነጠላ ማምረት» ይሻላል።

ሁለተኛው አንድ ዓይነት ምርት በተወሰነ መጠን ተሠርቶ ሲያበቃ መሣሪያው ለሌላ ዓይነት የሚዘጋጅበት ነው። ዳቦ ጋጋሪ አንዱን ሊጥ ጋግሮ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር፣ ሸክላ ሠሪም አንዱን ምድጃ አውጥቶ ሌላውን ሲከት የሚፈጸመው ይኸው ነው። ለዚህ «ቡድን» ሰውን፣ «ምድብ» ደግሞ አከፋፈልን ስለሚያስታውሱ «በዙር ማምረት» የሚለውን መርጠናል።

ሦስተኛው ሥራው ተከፋፍሎ ከእጅ ወደ እጅ ሳያቋርጥ የሚተላለፍበት ነው። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፤ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፤ ሦስተኛዋ ቁልፍ ትተክላለች። «የፍሰት ምርት» የሚለው ትርጉም ፈሳሽ በቧንቧ ለሚያልፍበት ፋብሪካ ይስማማል፤ ለስፌት ግን «በቅብብል ማምረት» ሥራውን ራሱን ያሳያል። ይህንን ስልት «የጅምላ ምርት» ማለት ደግሞ ሊተው ይገባዋል። ጅምላ የችርቻሮ ተቃራኒ ሆኖ በንግድ ሕግና በግብር ሰነድ የጸና ቃል ነው፤ «ጅምላ ጨራሽ» በሚለውም ሌላ ጥላ አጥልቶበታል። ብዛትን ብቻ ለመናገር ሲፈለግ «በብዛት ማምረት» ይበቃል።

እነዚህ ስልቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ሊገናኙ እንደሚችሉም ተርጓሚው ልብ ይበል። ቢራ ሲጠመቅ በጥንስስ፣ ማለትም በዙር ይሠራል፤ ወደ ጠርሙስ ሲሞላ ግን ሥራው በቅብብል ይሄዳል።

4. ስያሜው በውሳኔ ላይ ያለው ድርሻ

ቅብብል የአንዱን ዕቃ ወጪ ያረክሳል፤ ለአንድ ዓይነት ምርት ተደርጎ ስለሚዘረጋ ግን ተጣጣሚነቱ አነስተኛ ነው። ነጠላው ስልት በአንጻሩ ውድና ዘገምተኛ ቢሆንም ለገበያ ለውጥ ይመቻል። ይህ ሚዛን በሐዋሳ በተጨባጭ ታይቷል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ታገደች። ለአንድ ገበያ በቅብብል የተዘረጋ የስፌት መስመር እንዲህ ያለ ለውጥ ሲገጥመው ጥያቄው «ምን ያህል እናመርታለን?» ከሚለው ወደ «ወደ ምን እንለወጣለን?» ይዞራል። የመጀመሪያው የዒላማ፣ ሁለተኛው የዓላማ ጥያቄ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል በሚጠሩበት ስብሰባ ላይ አንዱ ተናጋሪ ስለ ቁጥር ሲያስረዳ፣ ሌላው ስለ ድርጅቱ ህልውና እየሰማ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

ዓላማ፦ ድርጅቱ የቆመለት ዘላቂ ምክንያት።
ግብ፦ በተወሰነ ጊዜ ሊደረስበት የታሰበ ውጤት።
ዒላማ፦ የግቡ መለኪያ የሆነ ቁጥር።
ክንዋኔ፦ ግብአትን ወደ ምርት የመለወጥ ሥራ።
ተጣጣሚነት፦ የምርትን ዓይነትና መጠን እንደ ሁኔታው የመለወጥ ችሎታ።
በነጠላ፣ በዙር፣ በቅብብል ማምረት፦ ሦስቱ የአመራረት ስልቶች።
ፍሳሽ የማይለቅ፦ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ በግቢው መልሶ የሚጠቀም።

ስያሜ የሚጸናው በመዝገብ ስለ ሰፈረ ሳይሆን በሥራ ላይ ያለው ሰው ሲቀበለው ነው። ስለሆነም እነዚህ ቃላት ከመጽደቃቸው በፊት በስፌት መስመሩ ላይ ባሉ አሠልጣኞችና ወደ ሲዳምኛ በሚተረጉሙ ባለሙያዎች ዘንድ ቢፈተኑ መልካም ነው። «ቅብብል» የሚለውን ሰምታ እጅዋን ወደ ጎረቤትዋ የምትዘረጋ ሠራተኛ ከተገኘች ቃሉ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።