በመድረሻቸው የሚታወቁ ቃላት

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በፋርጣ፣ በእስቴ ወይም በጋይንት ደጋ፣ የቅኔ ጉባኤ ባለበት ደብር አጠገብ አመሻሽ ላይ ያለፈ ሰው ይህን ይሰማል። ደበሎ የደረበ ልጅ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ «ነበረ፦ ተቀመጠ፤ ዘከረ፦ አሰበ፤ ሰወረ፦ ሸሸገ» እያለ ያወርዳል። ግእዙን ይጠራል፣ ፍቺውን ያስከትላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልብ ብሎ ላደመጠው ግእዞቹ በሙሉ የሚያበቁት በ«ረ» ነው። ልጁ ግስ እያጠና ነው፤ ዛሬ የደረሰውም የ«ረ» ቤት ነው።

ደቡብ ጎንደር በአብነት ትምህርት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት ነው። ግስ ግን እንዲህ ያለ ዝና የለውም። ቅኔ ለመቁጠር የመጣ ሁሉ ሊያልፍበት የሚገባ በር ስለሆነ፣ ካለፉት በኋላ ብዙም አይወራለትም። እኔ ግን ከአብነት ትምህርት ሁሉ ረቂቅ ሆኖ የማየው ይህንኑ ነው።

ግሶች በሁለት መንገድ ይመደባሉ። አንደኛው በአርእስት ነው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከ የመሳሰሉት አለቆች ሆነው፣ እንደ እነርሱ የሚረቡት ሠራዊት ተብለው ይከተሏቸዋል። የአርእስቱ ዝርዝር ከጉባኤ ጉባኤ ይለያያል። ሁለተኛው በመድረሻ ፊደል ነው። ይህኛው ለቃል ጥናት እንዲመች ብቻ የተደረገ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። በግእዝ የቃሉ ጠባይ ያለው መጨረሻው ላይ ነውና።

ሰምዐን እንውሰድ። «ሰማሁ» ለማለት ሰማዕኩ ይባላል፤ የመካከሏ ፊደል ወደ ራብዕ ተለወጠች። መጽአም መጻእኩ፣ በጽሐም በጻሕኩ ይሆናል። በ«ዐ»፣ በ«አ»፣ በ«ሐ» የሚጨርሱት ሁሉ ይህን መንገድ ስለሚከተሉ፣ አንዱን ያወቀ ሌሎቹን ሳይጠይቅ ያረባል። በ«የ» የሚያልቁት ደግሞ መድረሻቸው ወደ ሣልስ ይወርዳል፦ ሰትየ ጠጣ፣ ይሰቲ ይጠጣል። በ«ወ» የሚያልቁት ወደ ካዕብ፦ ተለወ ተከተለ፣ ይተሉ ይከተላል። እዚህ ላይ ጀማሪ ይሰናከላል፤ ይተሉ የሚለው የብዙ ሰዎች ይመስለዋል። የ«ወ»ን ቤት ያጠና ግን የብዙው ይተልዉ መሆኑን ስለሚያውቅ አይታለልም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የ«ቀ»፣ የ«ከ»፣ የ«ገ» እና የ«ነ» ቤት ነው። ሰበከ «ሰበክሁ» ሲሆን የመድረሻዋ «ከ» ከምትመጣው «ኩ» ጋር ትዋጣለች፤ የሚጻፈው ሰበኩ ብቻ ነው። «እነርሱ ሰበኩ» ለማለትም የሚጻፈው ይኸው ነው። የሚለያቸው ማጥበቅና ማላላት ሲሆን ፊደላችን ደግሞ ይህን አያሳይም። ኮነም ሲላላ «ሆነ»፣ ሲጠብቅ «ሆንን» ነው። ስለዚህ የኔታ ከብራና ይልቅ ጆሮን ያምናሉ፤ ተማሪው አላልቶ የጠራውን ጠበቅ አድርገው ይመልሱለታል፣ እስኪያስተካክልም አያሳልፉትም።

በመድረሻ የተደረደረው ግስ ሌላም ጥቅም አለው። ቅኔ ቤት መምታት አለበት። ሁለት ስንኝ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ስንኞቿን በአንድ ፊደል ትዘጋለች፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስማ ስንቱን ቃል ይጠይቅ! ጫካ ገብቶ ሰምና ወርቅ የሚያወጣ ተማሪ የጎደለውን ቤት የሚሞላው በቃሉ ከያዘው ዝርዝር መርጦ ነው።

ይህ አሠራር ሌላም ዘንድ አለ። ኢብን መንዙር በ13ኛው መቶ ዘመን ያዘጋጀው ታላቁ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት፣ ሊሳን አል ዐረብ፣ የተደረደረው በሥርወ ቃሉ የመጨረሻ ፊደል ነው። በዚያው መቶ ዘመን ግብጻዊው አቡ ኢስሐቅ ኢብን አል ዐሳል የቅብጥና የዐረብኛ መዝገበ ቃላቱን በመድረሻ ፊደል አሰናድቷል። እንግሊዛዊው ጆን ዎከርም በ1775 እ.ኤ.አ. የቋንቋውን ቃላት በመጨረሻቸው የደረደረ መጽሐፍ አሳትሟል። እንግሊዝኛም ቢሆን በመጨረሻው ብዙ ይናገራል፤ ኤዱኬሽን፣ ኢንፎርሜሽን፣ ኦፕሬሽን በ«ሽን» ሲያበቁ ስም መሆናቸውን፣ ከኋላቸውም ግስ መኖሩን ያስታውቃሉ። የደብረ ታቦር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ሲሸመድዱ ሳይ፣ አጎራባቹ ጉባኤ ቤት ዘዴውን ከያዘ ዘመናት ማለፋቸው ትዝ እያለኝ ይቆጨኛል።

የግእዝን ሰዋስው ወደ ማተሚያ ቤት ካደረሱት ሊቃውንት አንዱ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ይፋግ የተወለዱት አለቃ ታየ ገብረ ማርያም መጽሐፈ ሰዋስውን በ1889 ዓ.ም. ምንኩሉ በተባለ ቦታ አሳተሙ፤ በኋላም በርሊን ሄደው አማርኛ አስተማሩ። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በመነሻ ፊደል፣ በአበገደ ተራ የተሰናዳ ስለሆነ በ«ረ» የሚጨርሱትን አንድ ላይ ልይ ያለ አንባቢ አያገኝበትም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከየኔታዎቹ ጋር ተቀምጦ ይህን የመድረሻ ግስ፣ ማጥበቁና ማላላቱ እንዲሰማ በድምፅ ቀድቶ ቢያስቀምጥ፣ ቅኔ ቤት ላልገባው ተማሪም በተደረሰለት ነበር።