«የምግብ ፍላጎት የሚከፍት» ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአባባ ቀበቶ የነገረኝ



በቅርቡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። የሚኖሩት የካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። (ታሪኩን የምነግራችሁ እሳቸው ፈቅደውልኝ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬ ነው።) ልጅቷ ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ቡናማ ዱቄት አለ።

«ዶክተር፣ ይሄን ሦስት ወር ወስደዋል። የህንድ የባህል መድኃኒት ነው፣ አዩርቬዳ የሚሉት። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ጨጓራ ያስተካክላል ብለውኝ በስልክ አዝዤ ነው የገዛሁላቸው። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበሩ፤ አሁን ግን ጭራሽ አልበላም ብለዋል። መጠኑን ልጨምርላቸው እንዴ?»

ከፍቼ አሸተትኩት። ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አዝሙድ ይሸታል። ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጥበት ጋ የቆምኩ መሰለኝ። ዕቃው ላይ ግን የአምራች ስም የለም፣ የተመረተበት ቀን የለም፣ ምን ከምን እንደተቀላቀለም አልተጻፈም።

ከዚያ ዓይኔ አባባ ቀበቶ ላይ አረፈ። በሚስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት።

«አባባ፣ እነዚህን መቼ በሷቸው?»

«አንዱን በጥምቀት ሰሞን፣ አንዱን በሁዳዴ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «ሦስተኛውን ባለፈው ሳምንት።»

ልጅቷ ደነገጠች። ቀዳዳዎቹን አይታቸው አታውቅም ነበር።

ዱቄቱ ምንድነው?

አዩርቬዳ ከጥንት ጀምሮ በህንድ ሲሠራበት የኖረ የባህል ሕክምና ነው። በዚያ ትምህርት ምግብ የሚፈጨው «አግኒ» በሚሉት የሆድ እሳት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ እሳቱ ደክሟል ይላሉ። እሳቱን ለማቀጣጠል ከሚሰጡት ዱቄቶች አንዱ «ትሪካቱ» ይባላል፣ «ሦስቱ የሚያቃጥሉ» እንደማለት ነው። እነሱም ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ እና «ፒፓሊ» የሚሉት ረጅም በርበሬ ናቸው። «ሂንግቫሽታክ» የሚባለው ሌላው ዱቄት ደግሞ በእነዚህ ላይ ከሙን፣ ሌሎች የአዝሙድ ዓይነቶች፣ ጨው እና ሽታው የከበደ «ሂንግ» የተባለ ሙጫ ይጨመርበታል። ከቅቤ ጋር፣ በመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ላይ ይበላል።

ይሄን ስትሰሙ የእናታችሁ የቅመም ማስቀመጫ ትዝ አላችሁ አይደል? ዝንጅብሉና ቁንዶ በርበሬው ከእኛም ቤት አይጠፋም። የፒፓሊ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጥምዝ በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ይበቅላል። ህንዶች ለሆድ መነፋት የሚያኝኩት «አጅዋይን» እኛ ነጭ አዝሙድ የምንለው ነው። በውስጡ ያለው ታይሞል የተባለ ንጥረ ነገር በደጋ በሚበቅለው ጦስኝ ውስጥም ይገኛል። እና ለአንድ ብልቃጥ ብዙ ብር ከፍላችሁ የምትገዙት ነገር፣ ባብዛኛው ሾላ ገበያ ወርዳችሁ በትንሽ ብር የምትገዙት ቅመም ነው።

ይሠራል ወይ?

በልኩ ይሠራል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚቀንስ በተለይ በነፍሰ ጡሮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፤ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ ወደ አንጀት እንዲያሳልፍም ይረዳል። የሚያቃጥል ቅመም ምራቅን ያመጣል፣ ሽታው ራሱ ያስጎመጃል። ስለዚህ ከባድ ምግብ በልታችሁ ሆዳችሁ ሲነፋ የዝንጅብል ወይም የጦስኝ ሻይ ብትጠጡ ሐኪም አይቆጣችሁም። እኔም እጠጣለሁ።

ግን ቅመም የምግብ ፍላጎት ለምን እንደጠፋ አይጠይቅም። ጥያቄውን መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

አባባ ምን ተገኘባቸው?

«ሳል አለዎት?» አልኳቸው።

«እሱማ የእንጦጦ ብርድ ነው። እዛ ላይ ማን የማይስል አለ?»

«ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

ልጅቷ ቀድማ መለሰች፤ «ኧረ ቆይቷል ዶክተር፣ ከገና በፊት ነው።» ሌሊት ያልባቸዋል፣ አንሶላው ይርሳል። ክብደታቸው ዘጠኝ ኪሎ ቀንሷል። አክታቸው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ።

ለእኔ ከዚህ የባሰው ቀጥሎ የሰማሁት ነው። አባባ አንድ አልጋ ላይ የሚተኙት ከአራት ዓመት የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ዱቄቱን እየወሰዱ «እስኪ ትንሽ እንየው» ሲባል በነበረው ሦስት ወር ውስጥ ሕፃኑ ያንኑ አየር ሲተነፍስ ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባ ግን የደበቁት ነገር አልነበረም፤ ሆድ ሆዱን ብቻ ስናይ ሳሉን የጠየቀ ሰው ጠፋ እንጂ።

የምግብ ፍላጎት መጥፋት በራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። ከጀርባው ቲቢ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም፣ ስኳር፣ ኤች አይ ቪ፣ ድባቴ፣ ካንሰር፣ አንዳንዴም እርግዝና ሊኖር ይችላል። ብዙዎቻችን ሁሉንም ጠቅልለን «ጨጓራዬ ነው» እንላለን። የጨጓራ ባክቴሪያ (ኤች ፓይሎሪ) አገራችን ውስጥ በጣም ብዙ ሰው ላይ የሚገኝ መሆኑ እውነት ነው። ቁስለት የሚያመጣው በዋናነት ጭንቀትና ቃሪያ ሳይሆን ይህ ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። እሱም ቢሆን ተመርምሮ፣ ሐኪም ባዘዘው ፀረ ባክቴሪያ እንጂ በቅመም አይጠፋም።

ዱቄቱ ራሱስ ሊጎዳ ይችላል?

አዎ፣ በሦስት መንገድ።

1. ከባድ ብረቶች። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው 14ቱ ውስጥ እርሳስ (ሊድ)፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ምን ያደርጋል? የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ የደም ማነስ እና የምግብ ፍላጎት መጥፋት ያመጣል! ማለትም ፍላጎት ይከፍታል ብላችሁ የገዛችሁት ዱቄት ራሱ ሊዘጋው ይችላል።

2. የተደበቀ መድኃኒት። በሌሎች አገሮች የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማወፈሪያዎች ውስጥ ሳይፕሮሄፕታዲንና ዴክሳሜታሶን አግኝተዋል። ዴክሳሜታሶን ለጊዜው ያስርባል፣ ፊትን ይሞላል። ግን የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፤ ቲቢ ላለበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በቀናት ውስጥ ተአምር የሚሠራ «ቅመም» ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

3. ከሌላ መድኃኒት ጋር መጋጨት። ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን፣ በደም ውስጥ ከልክ በላይ እንዲጨምሩ ሊያደርግ ይችላል።

«የተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ለሚለኝ ሰው የምመልሰው በኮሶ ነው። የኮሶ ዛፍ የደጋችን ዛፍ ነው። አያቶቻችን አበባውን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ በጥብጠው ለኮሶ ትል ይጠጡ ነበር። ትሉን ያስወጣል። መጠኑ ሲበዛ ግን ሰውን ክፉኛ ያስታምማል፣ ዓይንም ሊጎዳ ይችላል። አያቶቻችን ራሳቸው ይፈሩት ነበር፤ ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። ዕፅዋት ኃይል አላቸው፤ ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ልክ ይፈልጋል።

ከእነዚህ አንዱ ካለ ዱቄቱን አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፦

• ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ (ሚዛን ከሌለ ቀበቶውን፣ ቀሚሱን፣ የጋብቻ ቀለበቱን እዩ)
• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት
• ምግብ ሲዋጥ ማነቅ ወይም ደጋግሞ ማስመለስ
• ደም ማስመለስ፣ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ
• የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሆድ ማበጥ
• ዕድሜያችሁ ገፍቶ ከዚህ በፊት ያልነበረ የጨጓራ ሕመም ከጀመራችሁ
• የምግብ ፍላጎቱ የጠፋው ሕፃን ልጅ ከሆነ

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የምትወስዱትን የባህል መድኃኒት አትደብቁ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ኑ። ያቺ ልጅ ካደረገቻቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ይድናል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ደግሞ በነፃ ይሰጣል። አባባ ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው ተመርምሮ በሽታው አልተገኘበትም፤ የመከላከያ መድኃኒት ተሰጠው።

በሁለተኛው ወር ለክትትል ሲመጡ «ምግብስ እንዴት ነው አባባ?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ኮታቸውን ገለጥ አድርገው ቀበቶውን አሳዩኝ። ባለፈው ሳምንት የተበሳውን ቀዳዳ ለቀው ወደ ሁለተኛው ተመልሰዋል።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ «አልበላም፣ አላሰኘኝም» የሚሉ እናት ወይም አባት ካሉ፣ ዱቄት ከማዘዛችሁ በፊት ቀበቷቸውን እዩልኝ።

ጽሑፉን ወላጆቹ ለሚያሳስቡት ሰው ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።