ቧንቧው ለምን ፈነዳ? ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝን ለልጆች በሽምብራ ማስረዳት

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 ማለዳ በዳላስ–ፎርት ወርዝ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዶ ነበር። በአካባቢው ከ1949 ወዲህ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አልተመዘገበም። በመላው ቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ ተቋረጠባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በብዙ ቤቶች ደግሞ የውኃ ቧንቧዎች ፈነዱ።

ይህን የተመለከተ ልጅ ተገቢ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ውኃ ቢቀዘቅዝ ብረት የሚሰነጥቅ ጉልበት ከየት ያገኛል? መልሱ ያለው በጠጣር፣ በፈሳሽና በጋዝ ትምህርት ውስጥ ነው። የቴክሳስ ሥርዓተ ትምህርትም የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሦስቱን በሞለኪውሎቻቸው አደረጃጀትና እንቅስቃሴ እንዲያነጻጽር ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሞለኪውል በዓይን አይታይም። ልጁ ትርጉሙን በቃሉ ቢይዝም፣ «በረዶ ሲቀልጥ ሞለኪውሎቹም አብረው ይቀልጣሉ» ብሎ ማሰቡ የተለመደ ነው። ይህን ስሕተት ለማረም በእጅ የሚሠራ ሞዴል ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይረዳል።

የሚያስፈልገው ጠርዝ ያለው ትሪና አንድ እፍኝ ደረቅ ሽምብራ ነው። ሽምብራ ሊያንቅ ስለሚችል ትንንሽ ሕፃናት እንዳይቀርቡ ይጠንቀቁ። እያንዳንዱ ፍሬ አንድ ሞለኪውል ነው እንበል። በመጀመሪያ ፍሬዎቹን በትሪው አንድ ጥግ በረድፍ አጠጋግተው ይደርድሩና ትሪውን በቀስታ ያንቀጥቅጡ። ፍሬዎቹ ባሉበት ይርገበገባሉ እንጂ ቦታ አይለቁም፤ ይህ ጠጣር ነው። ትሪውን ትንሽ አዘንብለው ሲወዘውዙት ፍሬዎቹ እንደተነካኩ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ይህ ፈሳሽ ነው።

ለጋዝ ግን ከሁለት ወይም ከሦስት ፍሬ በስተቀር ሁሉንም ያንሡ። ውኃ በ100 ዲግሪ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል። ይህም በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ርቀት በአማካይ 12 እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የአንድ ፍሬ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቀጣዩ ፍሬ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ አየርም እንኳ የለበትም።

ልጁን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ «ሽምብራው ቀለጠ? አበጠ?» ፍሬው እንደነበረ ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡና እንቅስቃሴው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው እንመለስ። አብዛኞቹ ነገሮች ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጡ ይዘታቸው ይቀንሳል። ውኃ ግን ከዚህ ሕግ ይወጣል። የውኃ ሞለኪውሎች በረዶ ሲሆኑ ስድስት ስድስት እየሆኑ፣ መካከሉ ክፍት በሆነ ቀለበት ይያያዛሉ። ይህንንም በትሪው ላይ ማሳየት ይቻላል፤ በቁጥር እኩል የሆኑ ፍሬዎች በቀለበት ሲደረደሩ ተጠጋግተው ከነበሩበት ጊዜ የበለጠ ስፍራ ይይዛሉ። ሞዴሉ ልዩነቱን ከእውነቱ አጉልቶ እንደሚያሳይ ለልጁ መንገር ይገባል፤ የበረዶ ይዘት ከውኃው የሚበልጠው በ9 በመቶ ገደማ ነውና።

ማረጋገጫው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገኛል። ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጨምረው ምልክት ያድርጉበት፤ ይመዝኑትና ከድነው ያሳድሩት። ብርጭቆ ሊሰበር ስለሚችል አይጠቀሙ። በማግሥቱ በረዶው ከምልክቱ አልፎ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱ ግን አልተለወጠም። የተጨመረ ሞለኪውል የለም፤ የሰፋው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው።

በቴክሳስ ብርድ ሲመጣ ነዋሪዎች ቧንቧቸውን በጥቂቱ ከፍተው እንዲያንጠባጥቡ ይመከራሉ። ምክንያቱም በረዶው ሲሰፋ፣ በእርሱና በተዘጋው ቧንቧ አፍ መካከል የታፈነውን ውኃ ይገፋል፤ ግፊቱም ቧንቧውን ይሰነጥቃል። ጠብታዋ ለዚያ ግፊት መውጫ ትሆናለች። በትሪው የተማረ ልጅ በሚቀጥለው ክረምት ቧንቧውን ሲከፍት ምክንያቱን አውቆ ይከፍታል፤ ለታናሹም በአማርኛ ያስረዳዋል።